ያ ፖሊስ ተርፎ ይሆን?

እናቴ ካርቱን ታያለች ብዬ ባወራ በከተማችን በሶዶ ማንም አያምነኝም ነበር። የእህቶች ጸሎት መሪ ናት። ሠርግ ላይ ጭብጨባው ትንሽ ሞቅ ካለ ፊቷን ታዞራለች፤ እኔ ፀጉሬን ያሳጠርኩ ጊዜማ ምንም ሳትናገር በዓይኗ ብቻ ነው የጨረሰችኝ። የሲዲ ማጫወቻውንም የገዛሁት መዝሙር እናይበታለን ብዬ ለምኜ፣ አስፈቅጄ ነው። በገዛ ደሞዜ አስፈቅጄ! እንዲህ ናት እናቴ።

ዘመኑ ዞናችን ራሱን ችሎ፣ ከተማው ቢሮ በቢሮ የሆነበት፣ ሞባይል ግን ገና በየሰው እጅ ያልገባበት ነው። እኔ ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ ጸሐፊ ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ ገበያው ዳር ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሲዲ እከራያለሁ። ባለሱቁ ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ፣ ጨዋታ አዋቂ ሙስሊም ነው፤ እናቴን "እማማ" ነው የሚላት፣ ለቅሶም ሆነ ደስታ ከቤታችን አይቀርም። አንድ ቀን የመዝሙር ሲዲ ስመልስለት፣ "እህቴ፣ በመዝሙር ብቻ ትኖሪያለሽ እንዴ? ይሄን ውሰጂ፣ የጃፓን ነው፣ ጉድ ታያለሽ" ብሎ አንድ ተከታታይ ካርቱን ሰጠኝ።

እውነትም ጉድ ነበር። ፖሊሶቹ የሚኖሩበት ከተማ ዝናቡ አያባራም። መንገዱ በመንገድ ላይ ተደራርቧል፣ የፎቁ ጫፍ አይታይም፣ ማስታወቂያው ሁሉ በቀይና በሰማያዊ መብራት ዓይን ይወጋል። ሥራውን ሁሉ የሚሠሩት ሰው የሚመስሉ ማሽኖች ናቸው፤ በሽተኛ ያጥባሉ፣ ጭነት ይሸከማሉ፣ ልጅ እሹሩሩ ይላሉ። አንድ ቀን ታዲያ የሆነ በሽታ ይገባባቸውና ሲያገለግሉት የኖሩትን ሰው አንቀው መግደል ይጀምራሉ። እነዚህን ያበዱ ሮቦቶች እያሳደዱ የሚይዙ ሁለት ፖሊሶች አሉ። አንዱ ሸምገል ያለ፣ ወፍራም፣ ነጭናጫ ነው። ሌላው ቀጭን ወጣት ሲሆን ግራ እጁ የብረት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውሉና ሲርባቸው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ከአንድ ሳህን ይበላሉ።

መጀመሪያ ድምፁን ቀንሼ ብቻዬን ነበር የማየው። እናቴ ጓዳ ሆና ጎዳሬ ትልጣለች። "ምንድን ነው ይሄ ጩኸት? ዓለማዊ ነገር ቤቴ አስገባሽ?" አለችኝ።

"ፖሊሶች ናቸው" አልኳት።

ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። መጥታ ከኋላዬ ቆመች፤ ትንሽ ቆይታ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ያለ እሷ ማየት ቀረ።

ፖሊስ የሚለው ቃል ለምን እንዲህ እንዳስቆማት ልናገር። ወንድሜ ፖሊስ ነው። ዲምቱ ተመድቦ ሳለ እዚያው አንዲት ልጅ ወደደ፤ የልጅቷ ቤተሰቦች ደግሞ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያሳፍራል። ሸክላ ሠሪ ከገበሬ ዘር አይጋባም፤ ከገበሬ ቤት ገብቶ አይበላም፣ ደጅ ቆሞ ነው የሚነጋገረው። ማሰሮአቸውን እንገዛለን፣ በማሰሮአቸው የበሰለውን እንበላለን፣ እነሱን ግን አናስገባም። በጌታ ሁላችን አንድ ነን ብለን አብረን ስንዘምር ኖረን፣ ወንድሜ "አገባታለሁ" ያለ ዕለት እናቴ ብድግ ብላ፣ "የሸክላ ሠሪ ልጅ ደጄን አትረግጥም! እሷን ካገባህ ወንድ ልጅ የለኝም" አለች። አልበቃትም፤ የጉባኤው ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ሲመጡም በእነሱ ፊት ደገመችው።

እሱም እልኸኛ ነው፤ የማን ልጅ ሆኖ! አገባትና በዚያው ቀረ። ዲምቱ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ መድረስ ይቻላል። ዓመታት አለፉ፣ ብቅ አላለም። በቤታችን የእሱን ነገር ማንሳት ክልክል ሆነ። እኔማ በሁለቱም ተቃጥዬ ነበር፤ አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። እሷ በየጠዋቱ ጓዳ ገብታ ስትጸልይ ድምፅዋ እየራቀ፣ እየወረደ እንደሚሄድ እሰማ ነበር፤ ለማን እንደምትጸልይ ጠይቄያት አላውቅም።

እንግዲህ ከሥሩ የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እንደ ቻልኩት በወላይትኛ እየተረጎምኩላት ማየት ጀመርን። እኔ ሮቦት ከፎቅ ሲወረወር እጮሃለሁ፤ እሷ ደግሞ የወጣቱ ፖሊስ ጃኬት ስስ መሆኑ ያሳስባታል።

"ይሄ ቀጭኑ ልጅ እናት የለውም?"

"አላሉም፣ እማዬ።"

"ልብሱን ማን ያጥብለታል?"

"ኧረ እኔ ምን አውቄ!"

"ሁሌ መኪና ውስጥ ነው የሚበላው። ቤቱ የት ነው?"

አንድ ቦታ ላይ ወጣቱ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ስልክ ይደውላል። ወዲያ ማዶ አንዲት ሴት "ሃሎ" ስትል፣ ሳይናገር ይዘጋዋል። እናቴ "ማናት?" አለች። "እናቱ ሳትሆን አትቀርም" አልኳት። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፣ የዚያን ዕለት ፊልም በዚሁ አበቃ። በማግስቱ ግን ከሥራ ሳልመለስ በፊት ቴሌቪዥኑ ላይ የሚጣለውን ጥልፍ ጨርቅ አንስታ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

የመጨረሻው ሲዲ ላይ ነው ጉዳችን የፈላው። ሐኪም ቤት ውስጥ ሕፃናት ስታስተኛ የኖረች ሮቦት አብዳለች። ወጣቱ ፖሊስ ልጆቹን በመስኮት አሽሽቶ እሱ ሊወጣ ሲል፣ በዚያ በብረት ክንዷ መትታ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ሽማግሌው ባልደረባው እየጮኸ ደረጃውን ይሮጣል። ልጁ አይንቀሳቀስም። ሮቦቷ ክንዷን እንደገና አነሳች፤ ሲዲው ቆመ። ምስሉ ተቆራረጠ፣ ድምፁ ቅ-ቅ-ቅ አለ፣ ከዚያ ጭልም። አውጥቼ ሳየው ከዳር እስከ ዳር ተጭሯል። በቀሚሴ ጠረግኩት፣ በጥርስ ሳሙና አሸሁት፤ ያኔ የተጫረ ሲዲ መድኃኒቱ እሱ ነበር። ወይ ፍንክች!

"ታዲያ ሞተ?" አለች እናቴ።

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም? አንቺ አይደለሽ የምትተረጉሚው?"

"እማዬ፣ ሥዕል እኮ ነው! ሰው ቁጭ ብሎ የሣለው ነው!"

"ሥዕል መሆኑን ማን አጣው? ሞተ ወይ ነው ያልኩሽ።"

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እሷ አልሳቀችም።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ወደ ዱቦ ሄድኩ። ጓደኛዬ እዚያ ሆስፒታል ወልዳ ስለነበር ቅዳሜንና እሑድን አብሬያት ሆንኩ፤ ስለዚህ በእሑዱ ጉባኤ አልነበርኩም። ሰኞ ረፋድ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ የሶዶ መናኸሪያን ሳልወጣ አንዲት የጉባኤያችን ሴት አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰላም ልላት ስጠጋ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ለቅሶዋን ለቀቀችው። "አይዞሽ፣ ጌታ ያውቃል" ትለኛለች።

"ምኑን ነው ጌታ የሚያውቀው?" ብላት ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብላ ከፊት ከፊቴ መሄድ ጀመረች። በሰላም አገር ቦርሳዬን የምትሸከምልኝ ምን ሆኜ ነው?

የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ስደርስ ድንኳኑን አየሁት። የእድራችን ሰማያዊ ሸራ፣ በእኛ ግቢ። እናቴ ናት አልኩ። ሴትየዋ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ። ግቢው ሰው በሰው ነው። የእናቴ ዘመዶች ከተበላ ከተማ በአይሱዙ ተጭነው መጥተዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን ይደቃሉ። በመሃላቸው ደግሞ እናቴ ተቀምጣለች። በሕይወት አለች! ደስታዬን ልጮኸው አፌን ስከፍት የአክስቴን ሙሾ ሰማሁት። የዲምቱን ፖሊስ፣ ቁመቱን፣ ኮፍያውን፣ ሳይታረቅ የሄደውን ልጅ እያነሳች ታወርዳለች።

ክው ብዬ ቀረሁ። ቆሜ የአክስቴን አፍ አያለሁ። ወንድሜ? ያ እልኸኛ? እኔ የተናደድኩበት እኮ ነገ የማገኘው መስሎኝ ነው! ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ሲነግሩኝ መሬት ላይ ወድቄ በጥፍሬ ሳሩን ስነቅል ነበር አሉ።

ትንሽ ሲለቀኝ ዋናውን የጉባኤ ሽማግሌ፣ "እንዴት ሆነ? ማን ገደለው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ጭምት፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ አባት ናቸው።

"እኛም ዝርዝሩን አላወቅንም፣ ልጄ" አሉኝ። "ትናንት 'የጸሎት ርዕስ ያላችሁ' ሲባል እናትሽ ተነሳች። 'አንድ ፖሊስ አለ፣ ሥራው ላይ ተመትቶ ወድቋል፣ ይትረፍ አይትረፍ አላውቅም፣ ጸልዩለት' ብላ ተቀመጠች። ጉባኤው በሙሉ ተንበረከከ። ለእሷ ከባድ እንደነበረ ገብቶናል፤ ስንት ዘመን አንስታው አታውቅም። ከጸሎት በኋላ 'ተረፈ ወይ?' ብለን ብንጠይቃት ራሷን ነቅንቃ ዝም አለች። በቃ፣ ተረዳነው። ዛሬ ማለዳ ሰው ወደ ዲምቱ ልከናል። አስከሬኑን ይዞ ይመጣል።"

ወደ እናቴ ዞር ብዬ አየኋት። አታለቅስም። ሴቶቹ ዙሪያዋን ሲንሰፈሰፉ እሷ ዓይኗን ከግቢው በር ላይ አትነቅልም። ሐዘኑ አደረቃት፣ እንባዋ ቢወጣ ይሻላት ነበር ብዬ አንጀቴ አረረ።

ከሰዓት ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ፣ ከገበያ ጓደኞቹ ጋር መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ ራሱን እየነቀነቀ፣ "እማማ ቅዳሜ ዕለት ሱቄ መጥተው ነበር እኮ" አለኝ። "ደህና ነበሩ፣ ሲጫወቱ ነበር። ይሄ ሁሉ እንደሚመጣ ማን አወቀ?"

"እናቴ? አንተ ሱቅ ምን ልትሠራ?"

"የካርቱኑን የመጨረሻ ሲዲ ያልተጫረ ቅጂ ፈልገው። 'ያ ፖሊስ ተርፎ ይሆን?' አሉኝ። ከአዲስ አበባ ገና አልመጣም አልኳቸው። 'ታዲያ ምን ይሻላል?' ሲሉኝ እኔም ለጨዋታ፣ 'እማማ፣ ይጸልዩለታ!' አል..."

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። እኔም ቀረሁ። ተያየን።

"ያ አላህ!" አለ በሹክሹክታ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ።

ዙሪያዬን ቃኘሁ። ሸራው፣ አግዳሚው፣ በትልቅ ድስት የሚንፈቀፈቀው ንፍሮ፣ ደረቷን ደቅታ ድምፅዋ የተዘጋው አክስቴ። ይሄ ሁሉ ሰው፣ ይሄ ሁሉ እንባ፣ ለካርቱን! ተነስቼ እናቴን ከሴቶቹ መሃል አስነሳኋት፤ ውሃ ላጠጣት ነው ብዬ ወደ ጓዳ ወስጄ በሩን ዘጋሁ።

"ጉባኤ ላይ ያስጸለይሽው ለማን ነው?"

"ለዚያ ልጅ" አለች።

"ለየትኛው ልጅ?"

"ለሲዲው።"

ጩኸቴን በነጠላዬ አፈንኩት። "አብደሻል? ለካርቱን ጉባኤ ታንበረክኪያለሽ? አንቺ ራስሽ ሥዕል መሆኑን አውቃለሁ አላልሽም?"

"ታዲያ ለማን ላስጸልይ?" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "በሽማግሌ ፊት ወንድ ልጅ የለኝም ብያለሁ። የለኝም ላልኩት ልጅ በየትኛው አፌ ጸልዩልኝ ልበል? ያኛውን ግን ማንም አልከለከለኝም። እሱም ፖሊስ ነው፣ እሱም ቤቱ አይሄድም። ማንን እያሰብኩ እንደምጸልይ ጌታ አይጠፋውም ብዬ ነው።"

ንዴቴ ግን ገና አልወጣልኝም። "እሺ፣ ድንኳን ሲተክሉ አፍሽ የት ነበር? አይ፣ አልሞተም፣ እንዲህ ነው ነገሩ አይባልም?"

"ልነግራቸው ነበር" አለች። "አፌን ስከፍት፣ 'ዲምቱ ሰው ልከናል፣ ይዞት ይመጣል' አሉኝ።" ክንዴን ጨመደደችው፤ እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳላት አላውቅም ነበር። "ይመጣል አሉኝ። ዝም በይ። እስኪመጣ ድረስ ዝም በይ።"

ይህች ናት እንግዲህ ውሸት ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ እናቴ። ዓይኑን ለማየት ብላ በሕይወት ላለ ልጇ ሰው ታስለቅሳለች! ደንግጬ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ኧረ አይሆንም፣ ለሽማግሌው አሁኑኑ ነው የምናገረው ብዬ ክንዴን መንጭቄ ወጣሁ። ድንኳኑ ጋ ሳልደርስ አንድ የጭነት መኪና ደጃችን ላይ ቆመ።

እንዴት እንደመጡ በኋላ ነው የሰማነው። ማለዳ ከሶዶ የወጣ ሾፌር ወንድሜን ዲምቱ ላይ አግኝቶት፣ "እናትህ ቤት ድንኳን ተጥሏል" ብሎታል። እሱና ሚስቱ ያገኙት መኪና ላይ ተሳፈሩ፤ የእኛ መልእክተኛ ወደ ዲምቱ፣ እነሱ ወደ ሶዶ፣ መንገድ ላይ ተላለፉ።

ወንድሜ ከመኪናው ዘሎ ወረደና "እናቴን! እናቴን!" እያለ ግቢውን ሰንጥቆ ገባ። ሴቶቹ አዩት። አንዷ እሪ ብላ ወደቀች፣ ሌሎቹ አግዳሚ እየገለበጡ ሸሹ፣ አክስቴ "በኢየሱስ ስም!" እያለች እጇን እንደ ጋሻ ዘረጋችበት። እሱ መኖራቸውንም ልብ አላለ። ከእኔ ኋላ የጓዳው በር ላይ የቆመችውን እናቴን አየና እንደ እንጨት ደረቀ። ሊቀብራት ነው የመጣው፤ እሷ ቆማ ታየዋለች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "ታዲያ" አሉ፣ "የሞተው ማነው?"

ባለሱቁ አንገቱን ደፋ።

ግቢው ጭጭ ሲል ነው አንድ ለቅሶ ገና እንዳልቆመ የሰማነው። ከአጥሩ ውጭ ነው የሚመጣው። "ሳልታረቅዎት! እግርዎን እንኳን ሳላጥብዎት ሄዱብኝ!" ይላል፣ የሴት ድምፅ ነው።

"ማናት እሷ?" አለች እናቴ። ወንድሜ ወደ በሩ ዞረ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሚስቱ ከበሩ ውጭ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ደረቷን ትደቃለች። የሰው ብዛት እይታዋን ስለጋረደው ውስጥ የሆነውን አላየችም። እናቴ ሞታለች ብላ ነው የመጣችው፤ ከእንግዲህ ማን ይከለክላታል? ቢሆንም አልገባችም። የሞተች ሴት ቃል አክብራ ደጅ ቀርታለች። ይሄ ነገር ዛሬም ትዝ ሲለኝ ይዘገንነኛል።

እናቴ በሰዉ መሃል አልፋ ወጣች። ልጅቷ ቀና ስትል አየቻትና በድንጋጤ ጮኻ ወደ ኋላ ተንፏቀቀች። "አልሞትኩም" አለቻት እናቴ። "ተነሺ፣ ግቢ።"

ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። እናቴን ከላይ እስከ ታች ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞራ፣ "ደህና ናቸው፣ ጌታ ይመስገን። በቃ እንሂድ" አለችው። ቁጣ የለበትም፣ ኩርፊያ የለበትም፤ ጉዳዩ እንዳለቀ ሰው ነው የተናገረችው። ከጉልበቷ ላይ ጭቃውን ማራገፍ ጀመረች።

እናቴ ሰው ለምና አታውቅም፣ እንዴት እንደሚለመንም የምታውቅ አይመስለኝም። ዙሪያዋን አየች፤ ከተበላ የመጡት ዘመዶቻችን አፋቸውን ይዘው አጥሩ ላይ ተደርድረዋል፣ የጸሎት እህቶቿ በሩን ሞልተውታል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከገዛ ደጇ ውጭ፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

"አንቺ ካልገባሽ እኔም አልገባም።"

ወንድሜ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምቆ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ልጅቷ ብዙ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ራቅ ብላ ተቀመጠች። እናቴ ጭቃው ላይ እየተንፏቀቀች ወደ እሷ ተጠጋች።

"ስምሽን ልጄ ያኔ ነግሮኝ ነበር" አለቻት። "ጆሮዬን ደፍኜ አልሰማሁትም። እስቲ ንገሪኝ።"

ነገረቻት።